መዝገብ ስለ ማረም

ሰው ለአገሩ የሠራው ሥራ እንዲጻፍለት መጠየቁ ተገቢ ነውን፥ ወይስ ትዕቢት ነው? ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ፈጥነው መልስ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ፥ «መልካም የሠራ ሰው ዋጋውን ከእግዚአብሔርና ከኅሊናው ያገኛል፤ ወረቀት ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ «ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠራልና ሰው መብቱን አጥብቆ ይጠይቅ» ይላሉ። በሁለቱም ዘንድ ጥቂት እውነት አለ። እኔ ግን በሰቆጣ ከአንድ ሽማግሌ ወታደር የተማርሁት ከሁለቱም የተለየ ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እንዳየሁት ልንገርህ።

ሽማግሌው ከቤታችን በላይ በኩል ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» እያለ ይጠራቸዋል። በዋግ ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኑ፤ በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘመቱ፤ በኋላም ከውትድርና ተሰናብተው ወደ አገራቸው በመመለስ በእርሻና በንብ ማነብ ይተዳደሩ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ ቀን አስጠሩኝና፥ «ልጄ፥ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እስቲ አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሪያ ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ከዚያው አገር በሚመጣ እርዳታ የመማር ዕድል እንደሚያገኙ ተሰምቶ ነበር። ሃምሳ አለቃም አንዲት ጎበዝ የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። ለእርስዋ ሲሉ መዝመታቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ቢጠይቁ፥ መዝገባቸው ካለበት መሥሪያ ቤት የመጣው መልስ የማይጠበቅ ሆነ። በመዝገቡ ላይ ስለ ኮሪያ አንድ ቃል የለም፤ ስለ ተሰጣቸውም ሜዳይ የለም። በዚህ ፈንታ፥ በ1953 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ ዘምተዋል ይላል። እርሳቸው ግን የኮንጎን ምድር በዓይናቸው አላዩም። በአንድ ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ወታደሮች ነበሩና፥ የአያት ስም ባለመጻፉ የአንዱ ሥራ ለሌላው ተጽፎ ኖሯል።

ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ፥ ዘመቻው ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ሳይረዳን ቀረ። ከ15 ዓመት በኋላ፥ በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተሳፍሮ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ለመዋጋት ወደ ኮሪያ ሄደ። ቃኘው የሚለው ስም የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ሻለቃው በየጊዜው እየተተካ፥ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ ተዋጋ። ከ120 በላይ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ ከመካከላቸው ግን አንድ ሰው እንኳ አልተማረከም። የተባበሩት መንግሥታት ለዘማቾች የሰጡት ሜዳይ እንደየአገሩ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተቀረጸ ሲሆን፥ የእኛዎቹ የተቀበሉት በአማርኛ የተጻፈበት ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ከመዝገብ እንዴት ይጠፋል? ክፋት ብቻውን አያጠፋውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፉት ቸልተኝነት፥ የዘመን መለዋወጥና ፍርሃት ተባብረው ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ሳይሳካ በቀረ ጊዜ፥ ብዙዎቹ የክፍሉ ወታደሮች ወደ ሌላ ቦታ ተበተኑ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ደግሞ አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ስለ መሠረተ፥ ትናንት የተከበረው ዘማች ዛሬ ሜዳዩን የሚደብቅ ሆነ። ሃምሳ አለቃም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። «ሜዳዩን በጎተራው ሥር ቀበርሁት፤ ወረቀቱን ግን በእጄ አቃጠልሁት። ልጆቼን ፈርቼ ነው» ብለው ነገሩኝ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን ብቻ መውቀስ አልቻሉም፤ ምስክሩን ከእሳት የጨመሩት ራሳቸው ናቸውና።

ሰነድ ጠፋ ማለት ግን እውነት ጠፋ ማለት አይደለም። በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች ማኅደር የሚቀመጥበት ትልቅ ቤት ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ተቃጥሎ፥ ከ16 ሚሊዮን የማያንስ የግል ማኅደር ዐመድ ሆነ። ሆኖም ጉዳዩ በዚያ አልተዘጋም። ከደመወዝ መክፈያ ወረቀት፥ ከሆስፒታል መዝገብ፥ ከየክፍሉ የዕለት ማስታወሻ እየለቀሙ የብዙውን ሰው አገልግሎት መልሰው ጻፉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ያለ ሰው እርዳታ ይጠራል፤ የመዝገብ እውነት ግን ተነሥቶ የሚፈልገው፥ ገጽ የሚገልጥለት ሰው ካላገኘ ሲያድር ይባስ ይጨልማል እንጂ አይጠራም።

በመጽሐፈ አስቴር ያለውን ታሪክ ታውቀዋለህ። መርዶክዮስ በንጉሡ ላይ የተዶለተውን ሞት ገልጦ ንጉሡን አዳነ፤ ነገሩም በመጽሐፍ ተጻፈ፤ ለእርሱ ግን ምንም አልተደረገለትም። አንድ ሌሊት ንጉሡ እንቅልፍ ቢያጣ የታሪኩ መጽሐፍ በፊቱ ተነበበ፤ በዚያን ጊዜ የተረሳው ሰው ታሰበ። መርዶክዮስ ክብር ስጡኝ ብሎ አልጮኸም፤ ነገር ግን ሥራው በትክክል ባይጻፍ ኖሮ የንጉሡ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ምንም አይጠቅመውም ነበር። ምስጋና መጠየቅና እውነት እንዲጻፍ መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ምስጋና የሰጪው ፈቃድ ነው፤ እውነተኛ መዝገብ ግን ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚጠይቅ ሰው ለማኝም ትዕቢተኛም አይባልም።

እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር። ማመልከቻውን ስጽፍ አሳምሬ፥ «የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የክብር ሽልማት የተቀበሉ» ብዬ ጨመርሁበት። ሳነብላቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ይህን ሰርዘው። እርሱ ለክፍሉ የተሰጠ ነው እንጂ ለእኔ ለብቻዬ የተሰጠ አይደለም፤ ያገኙትም ከእኔ በፊት የዘመቱት ናቸው። የእኔ ያልሁህ ብቻ ነው» አሉ። ሰረዝሁት፤ በልቤ ግን፥ እኚህ ሰው ጥቅማቸውን አያውቁም አልሁ።

ማመልከቻውን፥ ከጎተራው ሥር የወጣውን ሜዳይና አብረዋቸው የዘመቱ የሦስት ሽማግሌዎች የምስክርነት ቃል ይዘን፥ በኮረምና በደሴ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያገኘናት ሠራተኛ ትሑት ሴት ነበረች። ወረቀቱን ሁሉ ካየች በኋላ እንዲህ አለች፤

«አባባ፥ ደስ ይበልዎ። ምስክሮቹ በቂ ናቸው፤ ኮሪያን እንጨምርልዎታለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደብዳቤው ይደርስልዎታል።»

«ኮንጎስ?»

«ኮንጎ ምን አስቸገረዎት? ይቆይ። ይወጣልኝ ካሉ ግን ማኅደሩ በሙሉ እንደ ገና ሊመረመር ነው፤ ብዙ ወር ይፈጃል።»

«ልጄ፥ እርሱ የእኔ አይደለም፤ ባለቤት አለው።»

«ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም እኮ፥ አባባ።»

«ስሙማ ይታወቃል፤ የእኔው ስም ነው» አሉና፥ ኮንጎ እንዲወጣ የሚል መስመር በማመልከቻው ግርጌ እንድጨምር አዘዙኝ።

የልጅቱ ስም የሚመዘገብበት ቀን ሊያልፍ የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር። በዚያች ሌሊት ባረፍንበት ቤት ቍጣዬን መደበቅ አልቻልሁም። «አባባ፥ ለማያውቁት ሰው ሲሉ የልጅ ልጅዎን ጎዷት። እርስዋ ምን በደለች?» አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻም የአባታቸውን ነገር አነሡ።

አባታቸው የዋጉ ባላባት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከጣልያን ጋር ሲዋጉ ተከትለው የዘመቱ ሰው ነበሩ። ደጃዝማች ኃይሉ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገድለው ራሳቸው ተቈርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ፤ ተከታዮቻቸውም ተበተኑ። ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች ሜዳይ ሲሰጥ፥ በዱር ላሳለፉት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዘንባባ ይታከልበት ነበር። ጓደኞቻቸው ለአባትየው አምስት ዓመት ሙሉ ሊመሰክሩላቸው ተነሡ። እርሳቸው ግን፥ «ሁለቱን ዓመት ገብቼ ያረስሁ ነኝ፤ የእኔ ሦስት ነው» ብለው ባለ ሦስት ዘንባባ ሜዳይ ተቀበሉ። «ጓደኞቹ ሞኝ አሉት» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ «ነገር ግን አባቴ ሦስት ዓመት ዱር ገባ ባለ ጊዜ በዋግ የሚጠራጠረው ሰው አልነበረም። አምስቱን ወስዶ ቢሆን ሦስቱም ይጠረጠሩ ነበር። እኔም የሰው ኮንጎ ይዤ ኮሪያ ዘምቻለሁ ብል፥ የትኛውን እመኑኝ እላለሁ?»

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ እንቁም። የእኔ ቍጣ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ሽማግሌው ስለ እውነት የከፈሉት ዋጋ ከራሳቸው ኪስ ብቻ አልወጣም፤ ከልጅቱም ዕድል ተወሰደ። ሰው በራሱ ላይ መጨከን ይችላል፤ በሌላው ላይ ግን እንዲጨክን ማን ፈቀደለት? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስሁበትም ይህ ነው፤ ለልጅቱ የቀረባት ነገር ገና ያልተሰጣት ዕድል ነው፤ ከዚያ ከማይታወቀው ሰው የተወሰደው ግን የሠራው ሥራ ነው። አለማግኘትና መነጠቅ እኩል አይደሉም። የቀረባት ልጅ ሌላ ዕድል ልትፈልግ ትችላለች፤ በሕይወት የሌለ ወታደር ግን ተነሥቶ ሌላ ኮንጎ ሊዘምት አይችልም።

ስለዚህ መዝገቤ ይታረም የሚል ሰው ሁለት እጅ ሊኖረው ይገባል፤ በአንዱ የጎደለውን ሊቀበል፥ በሌላው ያልሆነለትን ሊመልስ። የጎደለውን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ጥቅሙን ፈላጊ ነው፤ ጥቅም መፈለግም ነውር አይደለም። ያልሆነለትንም አብሮ የሚመልስ ግን እውነትን ፈላጊ ነው። አንድ ሰው ስለ ክብር ሲጮህ ብትሰማና ጩኸቱ ከየትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ብትፈልግ፥ መዝገቡ ሲታረም የሚያንስበትም ቢሆን እንዲታረም ይሻ እንደ ሆነ ጠይቀው።

የነገሩ ፍጻሜ ይህ ሆነ። ምርመራው 14 ወር ፈጀ፤ የልጅቱም ጊዜ አለፈ። የሁለቱ ወታደሮች ወረቀት ቅጠል በቅጠል ሲለያይ፥ በሃምሳ አለቃ ማኅደር መካከል አንድ ደብዳቤ ተገኘ። የጻፈችው የዚያ የሌላው ወታደር ሚስት ነበረች፤ ባልዋ ኮንጎ መዝመቱ እንዲመሰከርላት የጠየቀችበት ነው። በስም መመሳሰል ከማይገባው ማኅደር ገብቶ መልስ ሳያገኝ ሰባት ዓመት ኖሯል። ሃምሳ አለቃ ይህን በሰሙ ጊዜ ዐይናቸውን ጨፍነው አማተቡ እንጂ፥ አላልሁህም ወይ አላሉኝም። ደብዳቤው ባይገኝ ኖሮስ? ያደረጉት ሥራ ያው ትክክል በሆነ ነበር፤ እኔ ግን ይህን እስካምን ብዙ ዓመት በወሰደብኝ ነበር።

ልጅቱ እዚያው ሰቆጣ ተምራ ዛሬ አስተማሪ ናት። ያ ዕድል ቀርቶባት እንደ ሆነ ሲነሣባት እስከ ዛሬ ትንሽ ይቈጫታል፤ አትደብቀውም። ነገር ግን የተማሪዎቿን ስም ስትመዘግብ የአያታቸውን ስም ሳትጠይቅ አትጽፍም።

አንተም፥ ወጣት ሆይ፥ በቤትህ የዘመተ፥ ያስተማረ ወይም መንገድ የቀየሰ ሽማግሌ ቢኖር፥ ዛሬውኑ ተቀምጠህ ጠይቀው። ስሙን እስከ አያቱ፥ ክፍሉን፥ ዓመቱን፥ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ጻፍ፤ በፎቶግራፉ ጀርባ የማን መልክ እንደ ሆነ አስፍር። የነገረህን አታሳንስበት፤ ስለምትወደውም ብለህ አትጨምርበት። ከጻፍህም በኋላ አንብብለትና፥ የእርሱ ያልሆነ ነገር ገብቶበት እንደ ሆነ ጠይቀው።