ጾም ያልሆነ ረኃብ

ድመት ረቡዕንና ዓርብን አታውቅም። በዐቢይ ጾም የቤቱ ድስት ሁሉ ሽሮ ቢሆንባት ወደ ጎረቤት ትሻገራለች እንጂ አትታገሥም፤ «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለውም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለች ፍጥረት የምትወደው ሥጋ ቀርቦላት ሳለ አሽትታ ብትመለስ፥ ቀምሳም እየጮኸች ብትሸሽ፥ ከአፏም ለሃጭ ቢዝረበረብ፥ ጠግባ ነው ወይም ኰርታ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። አፏ ታሟል። በዚያም ላይ ኵላሊቷ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የደከመ እንደ ሆነ ባለቤቷ በሁለት ጭንቅ መካከል ይቆማል፤ ጥርሷን ቢያስነቅልላት በማደንዘዣው ልትሞት ትችላለች፥ ቢተዋትም ሕመሟ አብሯት ውሎ ያድራል።

ስለ ድመት ጥርስ ይህን ያህል መመራመር ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ነቢዩ ናታን ግን በንጉሥ ፊት ከባዱን ክስ ያቀረበው በአንድ ድኻ ቤት ባደገች፥ ከጕርሻውም በምትካፈል በአንዲት በግ ምሳሌ ነበረ፤ ዳዊትም ነገሩ የበግ ነው ብሎ አልሳቀም። የዚህም ጥያቄ ፍሬው፥ መናገር ለማይችል፥ ፈቃዱም ለማይጠየቅ ፍጥረት ሰው በምን ሚዛን ይቈርጣል የሚል ነው።

ከመፍረድ አስቀድሞ ደዌውን በባሕርዩ ማወቅ ይገባል። ያደገች ድመት 30 ጥርስ አላት። ከጥርሷ ሕመሞች አንዱ እንደ ሰው ጥርስ በጣፋጭ ምክንያት የሚመጣ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቷ ሕዋሳት ጥርሱን እየበሉ ያሟሙታል። እንዲህ ያለው ጥርስ ተሞልቶ አይድንም፥ ይነቀላል እንጂ። ሌላው ደግሞ ድዷና የጕሮሮዋ መግቢያ እንደ ፍም ቀልቶ የሚቈስልበት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የመንጋጋዋን ጥርሶች፥ አንዳንድ ጊዜም 30ውን ሁሉ ይነቅላል። ለሰሚው ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ከተደረገላቸው ድመቶች የሚበዙት ይሻላቸዋል፥ ያለ ጥርስም ይበላሉ፤ የቀሩት ከዚያም በኋላ መድኃኒት ይሻሉ።

በደከመ ኵላሊት ላይ ይልቁን የሚያስፈራው እንቅልፉ ነው። ማደንዘዣ የደምን ግፊት ያወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ወደ ኵላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ከኵላሊትም የጠፋው ክፍል ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም አስቀድሞ ደሟንና ሽንቷን ይመረምራል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1998 የተቋቋመው የእንስሳት ኵላሊት አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው ሥርዓት መሠረት ደዌው ከ4ቱ ደረጃዎች በየትኛው እንዳለ ይለያል። በደም ሥሯ ፈሳሽ ይሰጣታል፥ ተኝታ ሳለች ግፊቷንና የሰውነቷን ሙቀት ይጠብቃል፥ መንጋጋዋንም ለብቻው በመርፌ አደንዝዞ እንቅልፉን ያቀልላል። ደዌው ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ያለባት ድመት እንዲህ ከተጠነቀቁላት ብዙ ጊዜ በደኅና ትነቃለች፤ በ4ኛው ደረጃ ያለችው ግን ነገሯ ሌላ ነው።

ጥርሱን መተው ኵላሊቱን ማትረፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ተሳስቷል። አፏ የሚያማት ድመት አትበላም፥ ውኃም ታሳንሳለች፤ ውኃ ያነሰው ኵላሊት ደግሞ ፈጥኖ ይደክማል። ሁለቱ ደዌዎች እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸውና አንዱን አቁሞ ሌላውን መንዳት አይቻልም። ከዚህ ጋራ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠውን ፓራሲታሞል ለድመት የሚሰጥ ሰው አለ። አንዲት ክኒን ልትገድላት ትችላለች።

እንግዲህ ነገሩ በአንዲት ሴት ይመሰል። በዋሽንግተን ከተማ የምትኖር፥ ልጆቿ አድገው የሄዱላት፥ የ14 ዓመት ድመት ያለቻት ሴት ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ፥

«አባቴ፥ ይህን በመጠየቄ አይሣቁብኝ። ባስነቅልላት በእጄ የገደልኋት ይመስለኛል፤ ብተዋት ደግሞ ሌሊት ሌሊት ስትጮኽ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?» ብትለው፥ አባቷም፥

«ልጄ፥ የምትፈሪው ለእርስዋ ነውን፥ ወይስ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብሽ ነው?» ቢላት፥ ጥያቄው ያስለቅሳታል እንጂ ስድብ አይሆንባትም። የነገሩ ቋጠሮ ከዚህ ላይ ነውና።

ሊቃውንት የሰው ነፍስ ነባቢት፥ ለባዊት፥ ሕያዊት እንደ ሆነች፥ የእንስሳ ግን ደመ ነፍስ ብቻ እንደ ሆነች፥ ከሥጋውም ጋራ እንደምታልፍ ያስተምራሉ። ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ የእንስሳ ሕመም ሕመም አይደለም እስከ ማለት የደረሰ ሰው አይጠፋም፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1650 የሞተው የፈረንሳይ ፈላስፋ ዴካርትም እንስሳን ከሰዓት ሥራ ጋራ አመሳስሎ ነበር። ትምህርቱ ግን ቀርበው ሲያዩት ወደ ተቃራኒው ይወስዳል። ሰው ሲታመም ሕመሙን ለንስሐ፥ ለትዕግሥት፥ ለጸሎት ሊያደርገው ይችላል፤ ኢዮብ በቍስሉ ተመስግኗል። ድመት በቍስሏ ምን ታተርፋለች? ከሕመም የተነሣ የማትበላ ድመት ተራበች እንጂ አልጾመችም፤ ረኃቧም ዋጋ የለውም፥ አክሊልም አያመጣላትም። በእርስዋ ዘንድ ሕመም ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህ ለማይሞት ነፍስ ሊጠቅም የሚችለውን መከራ በእርስዋ ላይ ማስረዘም ከንቱ ጭካኔ ነው።

ከዚሁም ሁለተኛ ነገር ይከተላል። ሰው ዕድሜ ይጨመርልኝ ብሎ የሚለምነው ለንስሐ ጊዜ እንዲያገኝ ነው፤ የነገውንም ዛሬ ይፈራዋል፥ ዛሬም ተስፋ ያደርገዋል። ድመቲቱ ግን በዛሬው ትኖራለች። ለከርሞ ያሳደረችው ሥራ የላትም፤ ሞትንም በቀጠሮ አትጠብቀውም። እንግዲህ በማደንዘዣ ተኝታ ሳትነቃ ብትቀር የሚደርሰው ጕዳት አብዛኛው የባለቤቲቱ ነው፤ ሳይታከም የሚቀረው ሕመም ግን ሙሉ በሙሉ የድመቲቱ ነው። ስለ ራስ ኀዘን ተፈርቶ በሌላው አፍ ውስጥ እሳት ሲነድ መተው ፍቅር ቢባልም፥ ፍቅርነቱ ወደ ማን እንደ ሆነ ይመርመር።

«እንዲህ ከሆነስ ቶሎ በመርፌ ማሳረፍ ይሻላል፤ ወጪውም ያንሳል» የሚል ተከራካሪ ይነሣል። መልሱ ቀላል አይደለም። ሕመሙ ሊነቀል የሚችል ከሆነ፥ ከዚያም በኋላ በልታ፥ ፀሓይ ሞቃ የምትኖርበት ዘመን ካለ፥ መግደሉ የምሕረት ልብስ የለበሰ ስስት ነው። ደግሞ በ4ኛው ደረጃ ላይ ያለች፥ ሥጋዋ ያለቀ፥ ዘወትር የሚያስመልሳት ድመት እንደ ሆነች፥ 30 ጥርስ መንቀል ለእርስዋ ሳይሆን ለባለቤቲቱ ተስፋ የሚደረግ ሥራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ያለ ሥቃይ እንድታልፍ ማድረግ በደል ሊባል አይገባውም። ይህ ፍርድ ግን ከእንስሳ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ምክንያቱም ከላይ ተነግሯል፤ የሰው የመጨረሻ ሰዓት እንኳ ለንስሐ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለመወሰን ሕመሟ ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል፤ ድመት ደግሞ ሕመሟን ትሰውራለች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2019 በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚያነቡበትን መለኪያ አሳትመዋል። የሚመለከቱትም 5 ነገር ነው፤ የጆሮዋን አቋቋም፥ የዓይኗን መጥበብ፥ የአፍንጫዋንና የአፏን ዙሪያ መወጠር፥ የጢሟን አቀማመጥ፥ ራሷንም ከትከሻዋ ዝቅ ማድረጓን ነው። ከሰሙ በታች ወርቁን መፈለግ ለለመደ የቅኔ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም። ሥር የሰደደውን ሕመም ግን ፊት ብቻ አይገልጠውም፤ ጠጕሯን መላስ ትታ እንደ ሆነ፥ በአንድ ወገን ብቻ ታኝክ እንደ ሆነ፥ ትዘልበት ከነበረው መስኮት ቀርታ እንደ ሆነ የሚያውቀው አብሯት የሚኖር ነው። ሐኪሙ ስለ ደሟ ይናገራል፤ ስለ ቀኗ መናገር የባለቤቲቱ ሥራ ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። በአሜሪካ እንዲህ ያለው የጥርስ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። በቢታንያ ሽቱው ሲፈስ ለድኾች በተሰጠ ያለው ማን እንደ ነበረ የሚታወስ ስለ ሆነ፥ ለግብዣና ለልብስ ሲያወጣ ድኻን ያላሰበ ሰው በድመቲቱ ላይ ብቻ ድኻን ቢያስታውስ ቃሉ አይከብድም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ለተጠማች ወፍ የዓይናቸውን እንባ እንዳጠጡ የሚያምን ሕዝብ ለእንስሳ የሚደረገውን ሁሉ ብክነት ሊል አይችልም። ቢሆንም በአገር ቤት ያለች የእኅቷ ልጅ የትምህርቷን ገንዘብ ከዚህችው ሴት እጅ የምትጠብቅ ብትሆን፥ ልጅቱ ትቀድማለች፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ያን ጊዜ ለድመቲቱ ሐኪም ያዘዘው የሕመም ማስታገሻና የለሰለሰ ምግብ ይደረግላታል፤ ያም ሕመሟን ካላቀለለው ያለ ሥቃይ ታርፋለች። ገንዘብ የለኝም ማለት ከነቀላው ነጻ ያወጣል፤ ጩኸቷን እየሰሙ ዝም ከማለት ግን ነጻ አያወጣም።

ሴቲቱ አስባ፥ ደሟን አስመርምራ፥ ደዌው በ2ኛው ደረጃ መሆኑን ሰምታ ለማስነቀል ብትቈርጥ፥ በዚያ ዕለት ልታደርገው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ሐኪሙ ግፊቷን በምን እንደሚጠብቅ አስቀድማ ትጠይቅ፤ ልቧ ቢቆም ምን እንዲደረግ እንደምትፈቅድም ሳትሸሽ ትንገረው። ድመቲቱ ስትነቃ ለጥቂት ቀን የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች ኵላሊትን የሚጐዱ ስላሉ ያለ ሐኪሙ ቃል አንዳች አይጨመር። ምግቧ ርጥብና ለብ ያለ ይሁን። ድዷ በ2 ሳምንት ያህል ይገጥማል። ኵላሊቷ ግን እንደ ደከመ ይቀራል፤ ደሟም በየጥቂት ወሩ ይመረመራል።