ባለዕዳው ማን ነው? (ስለ ነፍስ ባሕርይና ቡድሃ ስላስተማረው ዳግመኛ መወለድ)

የአማርኛ ቋንቋ ነፍስ የሚለውን ቃል በብዙ መንገድ ይናገርበታል። ሰው ከድንጋጤው ሲመለስ ነፍስ ዘራ ይባላል፤ ሴት ስትፀንስ ነፍሰ ጡር ትባላለች፤ ኀጢአትን ሰምቶ ቀኖና የሚሰጥ ካህን የነፍስ አባት ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ሕፃን የሚነገረው ነው። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ነፍስ ያለው ሆኖ ሳለ፥ ክፉና በጎን ለይቶ ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ ለማለት እስኪበቃ ድረስ ነፍስ ያላወቀ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነፍስ ዐወቀ ይሉታል። እንግዲህ ቋንቋው ሳይታሰብ ትልቅ ነገር ተናግሯል፤ ይኸውም ነፍስ ማለት ሥጋን የሚያንቀሳቅስ እስትንፋስ ብቻ ሳይሆን፥ ለተሠራው ሥራ እኔ ነኝ ብሎ የሚመልስ ባለቤት ነው ማለት ነው።

ይህ ባለቤት ሰው ሲሞት ምን ይሆናል? በምሥራቅ አገሮች፥ በስሪ ላንካ፥ በበርማ፥ በታይላንድ፥ በቲቤት፥ በቻይናና በጃፓን ብዙ ሕዝብ ቡድሃ ያስተማረውን ይዞ ሰው ከሞተ በኋላ ዳግመኛ ይወለዳል ይላል። ይህንን በወሬ የሰማ የከተማ ሰው፥ ቡድሃ ነፍስ እንደ ልብስ ሥጋን እየለወጠች ትዞራለች ብሎ እንዳስተማረ ይናገራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ትምህርትን መመዘን የሚገባው መምህራኑ እንደሚናገሩት አድርጎ ከሰሙ በኋላ ነው፤ አለዚያ የሚረታው የባላጋራው ቃል ሳይሆን የራስ ግምት ነው።

አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ነፍስ ምን ያስተምራሉ ቢሉ፥ ሰው ከሰባት ባሕርያት ተገኘ ይላሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፤ እነርሱም መሬት፥ ውኃ፥ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ እነርሱም ለባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። ለባዊት መባሏ ስለምታስብ፥ ነባቢት መባሏ ስለምትናገር፥ ሕያዊት መባሏ ስለማትሞት ነው። ነፍስ ከሥጋዋ አስቀድማ በሌላ ስፍራ አልኖረችም፤ ሥጋም ለነፍስ የመንገደኛ ማደሪያ አይደለም። ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ሰው ናቸው። ሞት ይለያያቸዋል፤ ትንሣኤ ሙታን መልሶ ያገናኛቸዋል።

ለዚህ ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ምሳሌ አለ። በአይሁድ ታልሙድ ተጽፏል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቆጵሮስ ኤጲስ ቆጶስ ኤጲፋንዮስም በጥቂት ለውጥ ጽፎታል። አንድ ንጉሥ የአትክልት ቦታውን ዕውርና አንካሳ እንዲጠብቁለት አደረገ። አንካሳው ፍሬውን አየ፥ ለመድረስ ግን አልቻለም፤ ዕውሩ መሄድ ይችላል፥ ፍሬው ያለበትን ግን አያይም። ስለዚህ አንካሳው በዕውሩ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ፍሬውን እየለቀሙ በሉት። ንጉሡ መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ ዕውሩ ዓይን እንደ ሌለው፥ አንካሳውም እግር እንደ ሌለው እያመካኙ ሁለቱም ካዱ። ንጉሡ ግን አንካሳውን በዕውሩ ትከሻ ላይ አስቀምጦ እንደ አንድ ሰው አድርጎ ፈረደባቸው። ነፍስና ሥጋም እንዲሁ ናቸው፤ አብረው የሠሩትን አብረው ይጠየቁበታል እንጂ፥ ነፍስ ሥጋን ጥላ፥ ሥጋም በነፍስ አመካኝቶ የሚያመልጡበት መንገድ የለም።

የቡድሃ ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1553 ዓመት፥ በረላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። በዚያ መጽሐፍ የሚነገረው የህንድ ንጉሥ ልጅ ይዋስፍ፥ አባቱ ሐዘንና ሞት እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳደገው፥ በኋላ ግን ድውዩንና ሽማግሌውን አይቶ ልቡ የቆሰለ ነው። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ የታሪኩ ሥር የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ይዋስፍ የሚለው ስምም ቦዲሳትቫ ከሚለው የህንድ ቃል በዐረብኛ በኩል እየተለወጠ የመጣ ነው። እንግዲህ መጽሐፉን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ያሻገሩት ክርስቲያኖች የልዑሉን ጥያቄ ተቀብለው መልሱን ለወጡት ማለት ነው። ሰው የሚያረጅና የሚሞት ከሆነ ምን ይሁን? የሚለው ጥያቄ የሁሉ ነው፤ የሚለያየው መልሱ ነው።

የቡድሃ መልስ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው ይህ መምህር፥ በቤናሬስ አጠገብ ለአምስት ደቀ መዛሙርት ባስተማረው ትምህርት፥ ሰውን በአምስት ክፍል ከፈለው፤ ሥጋዊ አካል፥ የደስታና የሕማም ስሜት፥ ነገርን ለይቶ ማወቅ፥ ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣ ፈቃድ፥ ንቃተ ልቡና። ከእነዚህ እያንዳንዱ የሚለወጥና የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ይህ የእኔ ነው፥ ይህ እኔ ነኝ ሊባል አይገባውም አለ። የህንድ ብራህማናት ግን ከሥጋ ወደ ሥጋ የምትሻገር የማትለወጥ ነፍስ አለች ይሉ ነበርና፥ እንደ ልብስ የምትለውጥ የተባለችው ነፍስ የእነርሱ ትምህርት እንጂ የቡድሃ አይደለችም። እንዲያውም ሳቲ የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነ መነኵሴ፥ ያው አንዱ ንቃተ ልቡና ሳይለወጥ ከልደት ወደ ልደት ይዞራል ብሎ ቢናገር፥ ቡድሃ ጠርቶ በብርቱ ቃል ገሥጾታል። ስለዚህ በወሬ ብቻ የሚናገር የከተማ ሰው የሚስተው ሳቲ በሳተበት መንገድ ነው።

ነፍስ የምትሻገር ካልሆነች ዳግመኛ የሚወለደው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ህንድ የነገሠው የግሪክ ወገን ንጉሥ ሜናንድሮስ፥ ህንዶች ሚሊንዳ የሚሉት፥ ናጋሴና የተባለውን መነኵሴ እንደ ጠየቀው የሚናገር መጽሐፍ አለ። መነኵሴው ንጉሡን በሠረገላው መልሶ ጠየቀው። ሠረገላ ማለት መንኰራኵሩ ነውን? ዘንጉ ነውን? ቀንበሩ ነውን? ከእነዚህ አንዱ ለብቻው ሠረገላ አይደለም፤ ሲገጣጠሙ ግን ሠረገላ ይባላሉ። ሰውም እንዲሁ ስም ብቻ ነው አለ። ቀጥሎም ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ መብራትን ምሳሌ አደረገ፤ በምሽት የታየው ነበልባል ንጋት ላይ ከሚታየው ጋር ያው አንዱ አይደለም፥ ፈጽሞም ሌላ አይደለም። እንደዚሁ ዳግመኛ የሚወለደው የሞተው ራሱ አይደለም፥ ሌላም አይደለም አለ። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ግጥም ሲማር ግጥሙ ከመምህሩ ወጥቶ እንደማይሄድ፥ ነገር ግን በደቀ መዝሙሩ ዘንድ እንደሚገኝ ሁሉ፥ ከሞተው የሚሻገር ነገር ሳይኖር አዲስ ሕይወት ይነሣል አለ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው የዚህን ምሳሌ ውበት ለማየት አይቸገርም።

ንጉሡ ግን የሚሻገር ከሌለ ኀጢአተኛው ከዕዳው አመለጠ አይባልምን ብሎ ጠየቀ። መነኵሴውም በማንጎ ሌባ መሰለለት። አንድ ሰው የሌላውን ማንጎ ሰርቆ በተያዘ ጊዜ፥ ይህ ሰው የተከለው ዘር ሌላ ነው፥ እኔ የወሰድሁት ፍሬ ሌላ ነው ብሎ ቢከራከር ያመልጣልን? ንጉሡም አያመልጥም፥ ፍሬው ከዚያው ዘር የመጣ ነውና አለ። እንግዲህ የሥራም ፍሬ እንዲሁ ሠሪውን ይከተላል ብሎ ናጋሴና ደመደመ።

እዚህ ላይ ሁለት የአትክልት ቦታዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በአንዱ ዕውርና አንካሳ፥ በሌላው የማንጎ ሌባ ይከሰሳሉ። በብዙ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም የዘራ ያጭዳል ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሰው በኀልዮ፥ በነቢብና በገቢር ይበድላል እንደሚሉ፥ ቡድሃም ሥራ የሚባለው በሥጋ፥ በቃልና በልብ የሚሠራው ነው፥ ሥሩም ሐሳብ ነው ብሏል። ስለዚህ ቡድሃ ነፍስን ስለ ካደ ለኀጢአት በር ከፈተ የሚል ሰው ሐሰት ይናገርበታል።

ነገር ግን የማንጎው ምሳሌ ተመርምሮ ሲታይ አንድ የጐደለ ነገር አለው። በምሳሌው የተለወጠው ፍሬው እንጂ ሌባው አይደለም። በሌሊት የሰረቀውና በቀን በዳኛ ፊት የቆመው አንድ ሰው ነው፤ ፍርዱም የጸናው ስለዚህ ነው። ሌባው ስለ ፍሬው ተከራከረ እንጂ፥ የሰረቀው ሌላ ሰው ነው፥ እኔ ግን ከዚያ የተነሣሁ ነበልባል ነኝ አላለም። እንዲህ ቢል ኖሮ ንጉሡ ምን ይመልስለት ነበር? ባለቤት የለም የሚለው ምሳሌ ራሱ ባለቤትን ተበድሮ ቆመ። የቡድሃ ተከታይ በበኩሉ፥ ሌባውም ከሌሊት እስከ ቀን እንደ መብራቱ ሲለወጥ ያደረ ነው ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ በክርክር ቤት ሊቆም ይችላል፤ በንስሓ ስፍራ ግን ይቸገራል።

ስለ ምን ቢሉ፥ ወራሽ የአባቱን ዕዳ ይከፍላል፤ ወራሽ ግን አባቱን ያውቃል፥ የወረሰውንም ያውቃል፥ ካልታመነም ምስክር ይጠራል። የቀድሞ ሕይወት ዕዳ ይዞ የተወለደ ሰው ግን ተበዳሪው ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ተበደረ፥ ከማንም እንደ ተበደረ አያውቅም። በእርግጥ ቡድሃ በነቃበት ሌሊት የቀደሙ ልደቶቹን ሁሉ እንዳሰበ ተጽፏል፤ ለብዙው ሰው ግን ይህ አልተሰጠም። ማንም በፍርድ ወንበር ተቀምጦ አይቀጣውም፥ እሳት የነካውን እንደሚያቃጥል ሥራም በራሱ ያፈራል ቢሉም፥ መልሱ ቀላል ነው፤ እሳት ያቃጥላል፥ ይቅር ግን አይልም። ይቅርታ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ በደልሁ የሚልና ማርሁህ የሚል።

ይህ በሁለት ወንበዴዎች ታሪክ ይታያል። አንጉሊማላ የሚባል ብዙ ሰው የገደለ ወንበዴ በቡድሃ ዘንድ መነኰሰ። ልቡ ፈጽሞ ተመለሰ፥ ከዚያም በኋላ ማንንም አልጐዳም። ነገር ግን ለምጽዋት በወጣ ጊዜ ድንጋይና ዱላ እየተወረወረበት ራሱ ተሰብሮ፥ ልብሱ ተቀዶ ተመለሰ። ቡድሃም፥ በሲኦል ብዙ ሺህ ዓመት ትቀበልበት የነበረው የሥራህ ፍሬ ይህ ነውና ታገሥ በማለት አጽናናው። ይህ የሚያስከብር ትዕግሥት ነው። በቀራንዮ የነበረው ፈያታዊ ዘየማን ደግሞ የሥራውን ፍሬ በመስቀል ላይ እየተቀበለ ነበር፤ ቅጣቱም ይገባኛል ብሎ አመነ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን ፈያታዊ ዘየማን የሚለምነው ነበረው፤ ልመናውም ዐስበኝ የሚል ነበር። የሚታሰበው እርሱ ራሱ ነው እንጂ ከእርሱ በኋላ የሚነሣ ሌላ ነበልባል አይደለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ የምግባር ነገር አለ። ሰው በዚህ ዓለም የሚያገኘው ሁሉ የቀድሞ ሥራው ዋጋ ነው ከተባለ፥ ዕውሩና ለምጻሙ የሚታዘንላቸው ሳይሆኑ የሚጠረጠሩ ይሆናሉ። ለእውነት ሲባል ቡድሃ ራሱ ይህን እንዲህ ጠቅልሎ አልተናገረም፤ ሕማም ከሐሞት፥ ከነፋስ፥ ከአየር ለውጥ፥ ከድንገተኛ አደጋም እንደሚመጣ ነግሮ፥ ሁሉን በቀድሞ ሥራ የሚያመካኙትን ተቃውሟል። ክርስቲያንም በዚህ ለመመካት አይችልም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ ማን በደለ? እርሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ? ብለው ጠይቀው ጌታቸው ሁለቱንም ግምት አፍርሶባቸዋል፤ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ድውዩን አልፎ ሲገባ የኀጢአቱ ዋጋ ነው ብሎ በልቡ የሚፈርድ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ዳግመኛ መወለድን በአፉ ቢክድም ፍርዱን በልቡ ይዞታል።

እንግዲህ ባለዕዳው ማን ነው? ቡድሃ ባለዕዳ የሚባል አንድ ባለቤት የለም፥ ዕዳው ግን አለ ይላል፤ ከዚህም የተነሣ እኔነትን የጣለ ከዕዳው ሰንሰለት ይወጣል ብሎ ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያን ግን ባለዕዳው ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሰው ነው ትላለች። ስለዚህ ሰው ሲሞት በፍትሐቱ ጊዜ ካህኑ የሚጠራው በጥምቀት የተሰጠውን ስም ነው። ልጅ ሆኖ በዚያ ስም ተጠመቀ፥ ነፍስ ባወቀም ጊዜ በዚያ ስም ቈረበ፥ በመጨረሻም በዚያ ስም ይታሰባል።

ስሙ አንድ ነው፥ ዕድሜውም አንድ ነው። ሌላ ልደት ይጠብቀኛል ብሎ የሚያሳድረው ሥራ፥ ወራሽ ይከፍልልኛል ብሎ የሚተወው ዕዳም የለውም። የበደለውን ሰው በመንደሩ ያውቀዋል፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውንም መንገድ ያውቀዋል። ነፍስ ያወቀ ሰው ማለት እንግዲህ ይህን መንገድ ሳይመሽ የሚሄድ ነው።