ልጁ ማንን መሰለ?

 

ባለፈው ጁሙዓ ደሴ ላይ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠብቆ አገኘኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ልጅ ከወለደ ዓመት አልሞላውም። ዙሪያ ጥምጥም ሲያወራኝ ቆይቶ፣ «ኡስታዝ፣ የኔ ደም ኤ ነው፣ የባለቤቴ ቢ። የልጁ ኦ ሆነ። ቤተሰብ ደግሞ መልኩም አንተን አይመስልም እያለኝ ነው» አለኝ። ምን ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ገባኝ፤ አፍ አውጥቶ ለመናገር ግን አልደፈረም።

ወንድሜ፣ አብሽር! እንዲህ ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ከበኒ ፈዛራ የሆነ ሰው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ነገራቸው። በግልጽ አልከሰሳትም፤ ጥርጣሬው ግን ያስታውቅ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ቀያይ መሆናቸውን ነገራቸው። ከመካከላቸው ዳለቻ እንዳለ ሲጠይቁት፣ መኖሩን አመነ። ዳለቻው ከየት እንደመጣ ሲጠይቁትም፣ የዘር ሥር ስቦት ሊሆን እንደሚችል ራሱ መለሰ። እሳቸውም ልጁን እንዲሁ ሥሩ ስቦት ይሆናል አሉት፤ ልጁን እንዲክድም አልፈቀዱለትም።

የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ምሳሌው ወዲያው ይገባዋል። ከብት አርቢ መልኩ የተለየ ግልገል ሲወለድለት፣ «ይሄ ወደ አያቱ ሄደ» ይላል። ለከብት የምንሰጠውን ፍርድ ለሚስቶቻችን እንዴት እንነፍጋለን?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባዮሎጂ ሊያስተምሩ አልተላኩም፤ ሐዲሱንም የሳይንስ መጽሐፍ አናደርገውም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የተማርነውም ይህንን ጥርጣሬ ያፈርሰዋል። ሰው 46 ክሮሞሶም አለው፤ 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት። ስለዚህ ለደም ዓይነታችን ሁለት ቅጂ ጂን አለን። ደሙ ኤ የሆነ አባት አንዱ ቅጂው ኤ፣ ሌላው ኦ ሊሆን ይችላል፤ ኤ ጎልቶ ስለሚታይ ኦ ይደበቃል። የእናትየውም ቢ እንዲሁ ኦን ደብቆ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም የደበቁትን ከሰጡ ልጁ ኦ ይሆናል። እንዲህ ላሉ ባልና ሚስት ይህ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። ግሬጎር ሜንዴልም በ1866 (እ.ኤ.አ) ባሳተመው የአተር ጥናቱ፣ በልጅ ላይ የጠፋ ባሕርይ በልጅ ልጅ ላይ ተመልሶ እንደሚታይ አሳይቷል።

የቆዳ ቀለምን ደግሞ የሚወስኑት ብዙ ጂኖች ናቸው። ወሎ ውስጥ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ሲጋባ ኖሯል። የትኛው አያታችን ምን እንዳወረሰን ማን ቆጥሮ ያውቃል?

የሐበሻዋ የኡሙ አይመን ልጅ ኡሳማም ጥቁር ነበር፤ አባቱ ዘይድ ቀይ። ሰዎች በዚህ አሙት። አንድ የዘር ምልክት አዋቂ አባትና ልጅ ተሸፋፍነው ተኝተው ሳለ እግራቸውን ብቻ አይቶ ዝምድናቸውን ሲመሰክር፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በደስታ በራ። ሐሜቱ ምን ያህል ከብዷቸው እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ቡና ላይ ተቀምጠን «ልጁ አባቱን አይመስልም» የምንል ሰዎች፣ አላህን እንፍራ። በሱረቱ ኑር ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ ቅጣቱ 80 ግርፋት ነው፤ ምስክርነቱም ተቀባይነት ያጣል። ቀልድ የመሰለን ቃል ቤት ያፈርሳል፣ ሕፃን ያለ አባት ያስቀራል።

ወጣቱ በመጨረሻ፣ «ታዲያ ለሷ ምን ልበላት?» አለኝ። የጠረጠርካትን ካልነገርካት አትንገራት፤ ኢስቲግፋር አድርግ። ነግረሃት ከሆነ ዛሬውኑ ዐውፍ በላት። ቤተሰብህን ግን አንተው ዝም አሰኛቸው፤ ክብሯን መጠበቅ ያንተ አማና ነው አልኩት።

ያ አላህ! ምላሳችንን ከሐሜት፣ ልባችንን ከመጥፎ ጥርጣሬ ጠብቅልን። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ አድርግልን። አሚን።