የፖም ኮብለርና የቡሄ ሊጥ

ፖም ከታች፣ ሊጥ ከላይ ሆኖ የሚጋገረው ምግብ ኮብለር ይባላል። የጀመሩት ወደ አሜሪካ የፈለሱ እንግሊዛውያን ናቸው። እንደ አገራቸው የሚጋግሩበት ዕቃ ስላልነበራቸው ፍሬውን በከባድ ብረት ድስት አድርገው፣ ሊጡን ደፍተውበት፣ ከሥሩም ከክዳኑም ላይ ፍም ያደርጉ ነበር። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ያየ ሰው ይህን አሠራር የሚያስተምረው አያሻውም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የኮልፌ ቀራንዮ ወጣት «ኦቭን የለኝም» ሊል አይገባውም፤ እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ የእናቱ ሙያ ነው።

ፍሬውም ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጨንጫ ደጋ፣ ሚስዮናውያን ካስገቡት ወዲህ፣ ፖም የገበሬ ጓሮ ተክል ሆኗል። ዛፉ ብርድ ካላገኘ በቅጡ አያብብም፤ ደጋ የሚወደውም ለዚህ ነው። ለመጋገር ጠንከርና ኮምጠጥ ያለው ይመረጣል።

ስለ ፖም ሲነገር የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለት ቡሄ፣ መነሳት አለበት። የእኛው ነሐሴ 13 ለሩሲያ ኦርቶዶክሳውያንም በዓሉ የሚውልበት ቀን ነው፤ በዚያ ምእመናን ፖም ወስደው በቤተ ክርስቲያን ያስባርካሉ፣ በቤታቸውም ፖም ያለበት ዳቦ ይጋግራሉ። በኢትዮጵያ የሚጋገረው ሙልሙል ነው። እረኞች የነበሩ ልጆች በታቦር ተራራ ከታየው ብርሃን የተነሳ መምሸቱ ሳይታወቃቸው ሲቀሩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው እንደፈለጓቸው ይተረካል። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሙልሙል የሚቀበሉት፣ የክርስትና አባትም ለክርስትና ልጁ ዳቦ የሚሰጠው ይህ እየታሰበ ነው።

አሁን በብዙ ደጃፍ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ጨፍረው ሲያበቁ የቤቱ ወጣት ብር ያሲዛቸውና በሩን ይዘጋል። ዳቦ የሚሰጠውም ከዳቦ ቤት ገዝቶ ነው። ብር መስጠት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ያ ቤት የሚመጣውን ልጅ አስቦ በዋዜማው ዱቄት አልነፋም፣ እጁን ሊጥ አላስነካም። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ሊጥ የሚፈልገው ጊዜ አብዛኛው ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ነው።

የዚህ ምክር ጸሐፊ እናት ነሐሴ 12 ሊጡን አቡክተው፣ በጋቢ ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡት ነበር፤ የክረምቱ ብርድ እርሾውን ያዘገየዋልና። አንድ ዓመት ልጃቸው ገልጦ በጣቱ ወጋው፤ ኩፍ ያለው ሊጥ ተነፈሰ። እናቲቱ አልተቆጡም። እንደገና አሹት፣ እንደገና ጠቀለሉት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቁጭ ብለው ጠበቁት። ልጆቹ መጥተው ሲጨፍሩ ሙልሙሉ ትኩስ ነበር።

እንዲህ ያለ መጠበቅ ለሚያስፈራው ወጣት ኮብለር ጥሩ መነሻ ነው፤ እርሾ ስለማይገባበት በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ይህንንም የሚተው ሰው ምክንያቱ የጊዜ ማጣት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ስድስት መካከለኛ ፖም ተልጦ ይከተፋል። የተቆረጠው ገጽ አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ቀረፋም ይጨመርበታል። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከቤኪንግ ፓውደርና ከትንሽ ጨው ጋር ይደባለቃል። ቡሄ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል በዚያን ጊዜ ቅቤና ወተት አይገባም፤ ዘይትና ውኃ ይተካዋል። ሊጡ ብዙ አይታሽም፣ አለዚያ ይደርቃል።

ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ልክ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ሊጡ ፈጥኖ ይነፋና መሐሉ ይሰረጉዳል። ስለዚህ የቤኪንግ ፓውደሩ ልክ ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀነሳል። ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ፖሙ ለመብሰል ይዘገያል፤ ጠንካራ ከሆነ አስቀድሞ በድስት ለብ ለብ ማድረግ ይበጃል።

ሊጡ በማንኪያ እየተቆነጠረ በፖሙ ላይ ይደረደራል፤ በመካከሉ እንፋሎት የሚወጣበት ክፍተት ይተዋል። በኦቭን በ190 ዲግሪ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት ከጠፋ ብረት ድስቱ በከሰል ላይ ተጥዶ ክዳኑ ፍም ይሸከማል፤ የላዩ እሳት ከታቹ ይበዛል፣ አለዚያ ፖሙ አርሮ ሊጡ ጥሬ ይቀራል። ጭማቂው በጠርዙ ሲንተከተክና ላዩ ሲቀላ ደርሷል።

ወዲያው አይቆረጥም። ጭማቂው እስኪረጋ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ ለቤቱ አዛውንት ቀርቦ ይባረካል፣ ይቆረሳል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ከቡራኬው አይቀድምም። በቡሄ ዋዜማ ከሆነ ደግሞ የልጆቹ ድርሻ ሳይነካ ተሸፍኖ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል።