ከምላጭ በፊት ጥያቄ

 

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሶሓባ በጉዞ ላይ ሳለ ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ከዚያ መታጠብ ግዴታ ሆነበትና ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያለ አይበቃህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ብለው፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑን አስተማሩ።

ጓደኞቹ ክፋት አላሰቡም። በማያውቁት ነገር ግን ፈረዱ።

እኛስ? ቦንጋም ሆነ ገጠር፣ ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» የሚል አይጠፋም። ሲያስቀምጠው ደግሞ «የወተት ጥርሱ ነው፣ ይነቀል» ይባላል። እንጥል መቁረጥ ግን የጉሮሮ ሕመምን አይከላከልም፤ ደም ሊያፈስ፣ በምላጩም ቴታነስ ሊያስይዝ ይችላል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስ፣ ጡትና ጤና ጣቢያ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 561ም ሁለቱን ድርጊቶች ከጎጂ ልማዶች ጋር በስም ጠቅሷቸዋል።

ሌላውንም ጎን እንይ። ከደቻ ወይም ከጨና ምጥ የጠናባት እናት ቦንጋ ሆስፒታል ደረሰች እንበል። ሐኪሙ «ሕፃኑ አልወርድ ብሏል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» ይላል። ቤተሰቡ ግን «ሽማግሌ ይምጣ፣ ዱዓ እናድርግና እንይ» እያለ ሰዓቱን ይፈጃል። ማህፀን ሊቀደድ፣ ሕፃኑም ሊሞት ይችላል። ዱዓ አድርጉ፤ ግን እየፈረማችሁ! ተወኩል ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ኦፕራሲዮን ለሁሉም ወላድ ይደረግ ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ የሚሆንበት ምክንያት የለም ብሎ ነበር። ያለ ምክንያት መቁረጥ ጉዳት ነው፤ ምክንያት እያለ መከልከልም ጉዳት ነው። አካላችን የአላህ አማና ነውና ልማድም ፍርሃትም አይፍረድበት።

ስለዚህ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁት፦ ሕመሙ ምንድን ነው? ባይደረግ ምን ይመጣል? ሌላ መንገድ አለ? ምን ያህል መጠበቅ እንችላለን? «አሁኑኑ» ካላችሁ አትዘግዩ። ጊዜ ካለ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም።

እናታችሁ ታናሽ ወንድማችሁን አቅፋ «ልጄ፣ ምን ይሻላል?» ስትላችሁ፣ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በሉ። ይህች ቃል ነፍስ ታድናለች።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። አሚን።