እንደ ገና መጀመር የሚገባው መቼ ነው?

በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከጥቂት ጊዜ በፊት የሕሊና ጥያቄ አቀረበልኝ። በቤቱ ባለ 300 ሊትር የመስተዋት ገንዳ የጨው ውኃ ሞልቶ የባሕር ዓሦችንና ኮራሎችን ያኖር ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ኮራሎቹ አንድ በአንድ ነጥተው ሞቱ፤ ድንጋዮቹንም አረንጓዴ ዝቃጭ ሸፈናቸው። የተረፉት ሁለት ዓሦችና አንድ ኮራል ብቻ ናቸው። «ሁሉን አጥቤ እንደ ገና ልጀምር ወይስ ልተወው?» አለኝ።

ውድ አንባብያን፥ ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በፈቃዳችን የተረከብነው ሕይወት በእጃችን ሲጠፋ ምን ይገባናል የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም በብርሃን ኃይል ምግብ አዘጋጅተው ያካፍሉታል። ሙቀት ሲበዛበት ወይም ውኃው ሲበላሽበት አልጌዎቹን ያጣል፤ ይነጣል፤ ሁኔታው ካልተሻሻለም ይሞታል። ባሕር ሰፊ ስለ ሆነ ጠባዩ በዝግታ ይለወጣል፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የያዘው የገንዳ ውኃ ግን በጥቂት ቀናት ትነት ወይም በአንድ እፍኝ ትርፍ ምግብ ሊታወክ ይችላል። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ወዳጄ ይህን ሳይጠብቅ ዓሣ አስገባ፤ ከዚያም ዓሣ ባማረው ቍጥር እየጨመረ፥ ውኃውን ለወራት ሳይመረምር ቆየ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ሆነ።

ጥፋት የሚመጣው ከክፋት ብቻ አይደለም። «አኳሪየም» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመደው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕርን ፍጥረታት ከልቡ የሚወድ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። ልጁ ኤድመንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው መጽሐፍ እንደ መሰከረው ግን፥ የአባቱን ሥራዎች ያነበቡ ሰብሳቢዎች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ጎርፈው፥ ሳይነኩ የኖሩትን የዓለት ኩሬዎች አራቆቷቸው፤ አባትየውም በዚህ እጅግ አዘነ። ፍቅር ዕውቀትና ራስን መግዛት ካልታከሉበት የወደደውን ይጎዳል።

ዛሬም ለገንዳ ከሚሸጡት የባሕር ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ የሚያዙት ከባሕር ነው። ኮራሎችም በገዛ ቤታቸው እየተቸገሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራሎች መንጣት መከሠቱን ሊቃውንት አስታውቀዋል። ስለዚህ «እንደ ገና ልጀምር» ስንል ዋጋውን በከፊል የሚከፍለው ሌላ ፍጥረት መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ፈተናዎች ይቀርቡልናል። አንደኛው የውድቀትን ኀፍረት በአዲስ ነገር ለመሸፈን መቸኰል ነው። ሁለተኛው «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብሎ በትሕትና ስም ኀላፊነትን መጣል ነው። በሁለቱም ሰው የሚያየው ራሱን ነው፤ በገንዳው ውስጥ ገና የሚተነፍሱትን ሁለት ዓሦች አያይም።

እንግዲህ ለወዳጄ የመለስኩለት ይህን ነው፦ የመጀመሪያው ግዴታህ ለቀሩት ነው። ሁሉን ብታጥብ በድንጋዮቹ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ታጠፋለህ፤ ያንኑ ስሕተት ከሥሩ ትጀምራለህ። ውኃውን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ለውጥ፤ ምግቡን ቀንስ፤ በየሳምንቱ መርምር፤ አዲስ ፍጥረት አትጨምር። ይህን ለጥቂት ወራት ያለ መሰልቸት ካደረግህና ውኃው ከረጋ፥ ያን ጊዜ ከባሕር ያልተወሰደ፥ በሰው እጅ የተራባ ዓሣና ከሌላ ሰው ገንዳ የተቈረጠ የኮራል ቅንጣቢ ልትጨምር ትችላለህ። ጊዜውም ትዕግሥቱም ከሌለህ ደግሞ የቀሩትን ለሚችል ሰው ስጥ፤ አደራን ለሚጠብቅ ማስተላለፍ ሽንፈት አይደለም።

እኛም ብንሆን በየክረምቱ ችግኝ ተክለን በበጋው ሳናጠጣ የተውን፥ በቀጣዩ ክረምት በዚያው ጉድጓድ ሌላ የምንተክል አንጠፋም። አዲስ ችግኝ የቀድሞውን ቸልተኝነት አያርምም። እንደ ገና መጀመር የሚገባው ከሚተከለው ነገር አስቀድሞ ተካዩ ሲለወጥ ነው።

ወዳጄ ገንዳውን ስለ መቀጠሉ እስካሁን አልወሰነም። ሆኖም በየቅዳሜው ውኃውን መመርመር ጀምሯል።