የጣራው መከታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንድ ሰው በፋብሪካና በመጋዘን ሠፈር እስከ እኩለ ሌሊት ወዲያ የሚቆይ ጭፈራ ቤት ለመክፈት ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ቢያቀርብ፣ ክርስቲያን ወጣት ምን ማለት ይገባዋል? ብዙ ጊዜ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «የኃጢአት ቤት ነው፤ የሚገባበት ሰው ራሱ ይወቀው» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዚያ ሠፈር ሌሊት የሚተኛ የለም፤ ማንን ይረብሻል?» የሚል ነው። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በቤቱ ውስጥ የሚገኘውን ሰው ረስተውታል።

የመጋዘን ሠፈር ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት የታወቀ ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ ኪራዩም ርካሽ ነው፤ ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ጩኸት በዛ ብሎ የሚከስ ጎረቤት አይገኝም። ሆኖም ለባለቤቱ የተመቸው ነገር በክፉ ቀን ለእንግዳው ጠላት ይሆናል። መጋዘን የሚሠራው ለዕቃ ነው። ዕቃ በአንድ በር ገብቶ በአንድ በር ይወጣል፤ አይደነግጥም፣ አይጋፋም፣ ጭስም አያፍነውም። ደግሞም የሚከስ ጎረቤት በሌለበት፣ የጭንቅ ጩኸት ሰምቶ የሚደርስ ጎረቤትም የለም።

ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ «ጎስት ሺፕ» የተባለ ባለ ሁለት ፎቅ መጋዘን ነበር። ለመኖሪያም ሆነ ለሙዚቃ ዝግጅት ፈቃድ አልነበረውም፤ እሳት ሲነሣ ከጣራ ውኃ የሚረጭ መሣሪያም አልነበረውም። ጎረቤቶች አቤቱታ አቅርበው፣ የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ መግባት ስላልቻለ ተመልሶ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ሌሊት፣ ሙዚቃ ሊሰሙ ከተሰበሰቡት መካከል 36 ሰዎች በእሳትና በጭስ አለቁ። መጋዘኑን ተከራይቶ ያስተዳድር የነበረው ሰው በ2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከተማይቱም በ2020 ለሟቾች ቤተሰቦችና ከባድ ጉዳት ለደረሰበት አንድ ሰው 32.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ነገር ግን የሞተውን ልጅ በገንዘብ የሚመልስ ማን ነው?

እንግዲህ ፈቃድ የሚባለው ወረቀት ቢኖር ይበቃ ነበርን? አይበቃም። በብራዚል በሳንታ ማሪያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2013፣ በአንድ ጭፈራ ቤት በተነሣ እሳት 242 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ቤቱ የእሳት አደጋ ፈቃድ ነበረው፤ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። መውጫውም አንድ በር ብቻ ነበር። ከሞት የተረፉት እንደ መሰከሩት፣ የበሩ ጥበቃዎች በመጀመሪያ ሕዝቡ ሒሳብ ሳይከፍል የሚሸሽ መስሏቸው መንገድ ከልክለው ነበር። በዚያች ቅጽበት ሒሳቡ ከነፍስ በለጠ ማለት ነው።

የእግዚአብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ ሕጉ ያዝዛል (ዘዳ. 22፥8)። ልብ በሉ! ሕጉ «ወደ ጣራው የሚወጣው ጻድቅ ነውን?» ብሎ አልጠየቀም። ንጉሡ ዳዊት ለፈተና የተጋለጠው በሰገነት ላይ ሲመላለስ ነበር (2ኛ ሳሙ. 11፥2)፤ መከታው ግን ለሚጸልየውም ለሚሳሳተውም እኩል ይቆማል። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ስለ ተጫናቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ እንዳልሞቱ አስተምሮናል (ሉቃ. 13፥4)። ስለዚህ «ጭፈራ ቤት ገብቶ ሞተ፤ የእጁን አገኘ» የሚል አንደበት ከጌታ ትምህርት ጋር ይጣላል።

ይህን ስል «ሂዱና ጨፍሩ» ማለቴ አይደለም። የተፈቀደ ሁሉ የሚጠቅም እንዳልሆነ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ያስተምረናል (1ኛ ቆሮ. 10፥23)። ማዘጋጃ ቤት የሚፈቅደው በሩን ነው፤ ነፍሳችሁ የት ማምሸት እንዳለባት የሚፈቅደው ግን በእግዚአብሔር ቃል የታነጸ ኅሊናችሁ ነው። ነገር ግን እኔ የማልገባበት ቤት ስለሆነ የሚገቡበት ሰዎች ሞት አይገደኝም ማለት የቃየልን መልስ መድገም ነው።

በመሆኑም የሠፈሩ ሰው አስተያየት ሲጠየቅ ዝም አንበል። መውጫው ስንት ነው? ወደ ውጭ ይከፈታልን? ስንት ሰው ይይዛል? ማንስ ይቈጥራል? በሌሊት የሚያስተናግዱት ሠራተኞች በምን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ? አጠገቡ ያለው ፋብሪካ የሚያከማቸው ምንድር ነው? ይህን በትሕትና እንጠይቅ፤ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘም ፈቃዱ አይሰጥ እንበል። ይህም የምንናገረው ለእንግዳው ነፍስ ስለምናስብ ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ ራሳችንም እንመልሰው። እሳት ጭፈራ ቤትንና ጸሎት ቤትን አይለይም። በትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ጧፍ አብርቶ ሲቆም፣ በባዕድ አገርም ምእመናን በተከራዩት አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ የኋላው በር በወንበር ተዘግቶ ይሆንን? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? በሚቀጥለው እሑድ ከመዝሙር በፊት ተነሥታችሁ በሩን ክፈቱና እዩ። የጎረቤታችንን መከታ ለመጠየቅ አፋችንን የምንከፍተው የራሳችንን ካጠበቅን በኋላ ነው።

አምላካችን ለወንድማችን ነፍስ የሚያስብ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።